ለአባ ቁም፤ ስለ ምልክቱና ስለ ድንጋዩ

አባ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ማሽላው ሁለት ጊዜ ታጨደ። መቃብርህ ላይ የከመርነው አፈር ክረምት ወርዶበት ረግቷል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም። ልነግርህ የሚገባ አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱን ትቼ ስለ ሌላው ባወራህ ደግሞ ታውቅብኛለህ። በሕይወት ሳለህም ዙሪያ ጥምጥም አትወድም ነበር።

ቢሆንም መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ።

እማ ደህና ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት አሁን የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። የውኃ መሳቢያው ሞተር ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ቆመና ከሽንኩርቱ ግማሹ ደረቀ። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። ብስክሌትህን ብዙ ሰው ጠየቀን፤ እማ አይሸጥም አለች። የኋላ ጎማው እንደተጣመመ ከጎታው አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የእኔን ሀያት ትነዳዋለች። ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሀያት ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆም አለች።

«አባዬ፣ ምልክቱ ጋ ስደርስ ልቁም ወይስ ልለፍ? ልጆቹ አያትሽን የገደለው መቆሙ ነው ይሉኛል።»

«ተጠንቀቂ» አልኳት።

ይህ መልስ አይደለም። እሷም አውቃዋለች፤ ፊቷን አዙራ ሄደች።

«ቁም» የሚለውን ምልክት ታስታውሳለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ጉድጓዱን የቆፈርከው አንተ ነህ። አስፋልቱ ሲታደስ የቀን ሠራተኛ ሆነህ፣ የእኛ ጠጠር መንገድ ዋናውን በሚያገኝበት ቦታ በዶማ ቆፍረህ፣ ብረቱን አቁመህ፣ ሲሚንቶውን አፍስሰህበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በብስክሌት እዚያ ስትደርስ ትቆማለህ። ግራ እግርህን መሬት ታስነካለህ፤ ወደ ጎብዬ ታያለህ፤ ወደ ዋጃ ታያለህ፤ «ቢስሚላህ» ብለህ ታልፋለህ። መንገዱ ባዶ ቢሆንም። ከኋላህ የጫንከው ሽንኩርት ሚዛንህን አስቶ ሊጥልህ ቢሆንም። «ራሴ ተክዬ ራሴ ልለፈው?» ትል ነበር።

ብስክሌት ይዞ ለምልክት የሚቆም ሌላ ሰው በቆቦ አላየሁም። አባ ቁም ያሉህ ለዚህ ነው። ሻይ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ገና ከሩቅ ሲያዩህ «አባ ቁም መጣ! ተነሱ፣ ፍተሻ ነው!» ይላሉ። አንተም «ለመነሳትማ መጀመሪያ ሥራ ያስፈልጋል» ብለሃቸው ታልፋለህ።

በጦርነቱ ጊዜ ሰሌዳው ጠፋ። ብረቱ ብቻውን ቀረ። ከሽሽት የተመለስን ቀን ትዝ ይልሃል? እማን ከኋላህ አፈናጠህ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ለቀናት አንድም መኪና አላለፈም፤ ውሻ እንኳ አልነበረም። አንተ ከባዶው ብረት ፊት ቆምክ። እማ ጀርባህን በጡጫ እየመታች «በል እንጂ ሰውዬ፣ ለማን ነው የምትቆመው?» አለችህ። «ሰሌዳው ነው እንጂ የጠፋው መገናኛው አልጠፋም» አልካት። ያን ቀን ሦስታችንም ሳቅን። ከብዙ ወር በኋላ የሳቅነው ያኔ ነው። ሰሌዳውን ቆይተህ ራስህ አገኘኸው፤ አንዲት ሴት የውኃ በርሜሏን ከድናበት ነበር። የቆርቆሮ ክዳን ሠርተህላት ወሰድከው። ዛሬም ብረቱ ላይ የያዘው ያንተ ሽቦ ነው።

እኔ አልቆምም ነበር። ክርክራችንን ታውቀዋለህ። ብስክሌት በጉልበት ነው የሚሄደው፤ ጭነት ይዞ ቆሞ እንደገና መነሳት ምን ያህል እንደሚያደክም ባለሞተር አይገባውም እልህ ነበር። ዓይኔ ክፍት ነው፣ ጆሮዬ ክፍት ነው፣ አይቼ ካለፍኩ ምን ጎደለ? አንተ አንድ መልስ ብቻ ነበረህ፦ «አንተስ አይተሃል። የሚያይህ ሰው ምን እንደምታደርግ በምን ይወቅ?» እኔም «የሚያየኝ ሁሉ ብስክሌት እንደማይቆም ያውቃል» እልህ ነበር። ይህን መልሴን ያዘው፤ እመለስበታለሁ።

ካለፍክ በኋላ ከተማው ፍርዱን ሰጠ። «ብስክሌት ቆሞ ያውቃል? ቆመና ተገጨ» አሉ። ትራፊኩ ሊያጽናናኝ ቤት መጥቶ «ሕጉ ብስክሌትም ይቁም ይላል። እኔ ግን እዚህ ስሠራ ለብስክሌት ፊሽካ ነፍቼ አላውቅም፤ አባትህ ብቻቸውን ነበሩ» አለኝ። ስምህ አልቀረም፤ ግን ተቀይሯል። ዛሬ መንገድ ላይ ፍሬን የያዘ ሁሉ «ምነው፣ አባ ቁም ልትሆን ነው?» ይባላል። የስህተት ስም ሆነሃል። እኔ ይህን እየሰማሁ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት እውነቱን ስለማውቅ ነው።

እውነቱ ይኸውልህ።

የገበያ ቀን ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ። እኔ ፊት፣ አንተ ኋላ። ዘግይተናል ብዬ ተነጫንጬብህ ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ መንገዱን ከግራ ከቀኝ ጋርዶታል። ምልክቱ ጋ ስደርስ ከዋጃ በኩል ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና አየሁ። ሳይደርስብኝ አልፋለሁ አልኩ፤ አለፍኩም። ማዶ ቆሜ ዞርኩ። የአንተ ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ፤ ከጫማ ሶል ቆርጠህ የሠራኸው፣ ሲይዝ እንደ ጥጃ የሚጮኸው። ቆመሃል። እግርህ መሬት ላይ ነው። ከኋላህ የጀማል ባጃጅ እየመጣ ነው።

እጄን እያወዛወዝኩ «ና! ና! አትቁም!» ብዬ ጮህኩብህ።

አንተ እምቢ ብለህ ራስህን ነቀነቅህ። በሕይወት ያየሁህ መጨረሻ እሱ ነው። ከዚያ መኪናው በመካከላችን ገባ። ረጅም ነበር። ተሳቢው እስኪያልፍ ቆሜ ጠበቅኩ፤ እየተናደድኩ ነበር የጠበቅኩህ። ሲያልፍ አንተ መሬት ላይ ነህ፣ ባጃጁ ብስክሌትህ ላይ ወጥቷል፣ ጀማል ራሱን ይዞ ይጮኻል።

ከኋላህ ሆኖ ጀማል መኪናውን ሊያየው አይችልም፤ ማሽላው ጋርዶታል። ያየው እኔን ነው፤ ስሻገር። የሰማውም እኔን ነው። ና ከተባለ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሽማግሌው አሁን ይነሳሉ ብሎ ነዳ። ብስክሌት እንደማይቆም ያውቅ ነበራ። ያ መልሴ ነው አባ። በእሱ እጅ ተመልሶ አንተን አገኘህ።

ሰምተኸኝ ብትመጣ መኪናው ያገኝህ ነበር። ስላልሰማኸኝ ባጃጁ አገኘህ። ሁለቱንም ያመጣሁብህ እኔ ነኝ።

ከሰደቃህ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። ጀማል ቁርኣን መትቶ ማለ። «ወላሂ፣ አያ እንድሪስ ማዶ ቆሞ ና ሲል ሰምቻለሁ። ድምፁን ሰምቼ ነው የነዳሁት» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንድሪስ፣ አባትህን ጠርተሃል?»

«አልጠራሁም» አልኩ።

ማል አላሉኝም። ደንቡን ታውቃለህ፣ አንተም ስንቱን አስታርቀሃል፤ ሰው የሞተበት ባለደም አይምልም። ሐዘንተኛ አይዋሽም ይባላል። ሰው ሁሉ ጀማልን ዞሮ አየው። እሱ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። የሰማው ድምፅ የእኔ መሆኑን ራሱ የተጠራጠረ ይመስል ነበር። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ እንደ ደንቡ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ባለደሙ ድንጋዩን ያነሳል፣ ከሰው መንገድ አርቆ ይጥለዋል፣ ደሙም ከድንጋዩ ጋር እዚያው ይቀራል። አነሳሁለት። ማጅራቱ ተልጦ ነበር። ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ተበተነ። መጣሉን ግን አልቻልኩም። ታቅፌው ቤት ገባሁ። እማ ስታየኝ «ያ ረቢ! የእርቅ ድንጋይ ቤት አይገባም፤ ምን ነካህ?» አለች። ነገ እጥለዋለሁ አልኳት።

አሁንም በሩ ላይ ነው። ዶሮዎቹ ይቆሙበታል። እማ ስትወጣ ስትገባ ትዞረዋለች። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

አንተ ደግሞ ከኋላዬ አልጠፋህም። በእግሬ ስሄድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምልክቱ ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ያ ፍሬን ይጮኻል። እዞራለሁ፤ ማንም የለም። አንድ ቀን አህያ የሚነዳ ሰው «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ብሎኝ፣ ለካ ብዙ ቆሜ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ በመገናኛው መሄድ ተውኩ። በመስኖው ቦይ ዞሬ፣ አስፋልቱን ራቅ ብዬ አቋርጣለሁ። ጫማዬ ይጨቀያል። ድምፁ እዚያም ይመጣል።

ጀማል ባጃጁን ተወ። ገበያ ውስጥ ጆንያ ይሸከማል። ጎብዬ ያጩለት ልጅ ነበረች፤ ወላጆቿ «ቁርኣን መትቶ ለዋሸ አንሰጥም» ብለው አፈረሱት። ትናንት እናቱ እኛ ቤት መጣች። ተቀመጪ ብንላትም አልተቀመጠችም።

«ልጄ እዚህ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው የለውም። ነገ ወዲያ ቅዳሜ በአፋር በኩል ወጥቶ ባሕሩን ሊሻገር ነው። ከመሄዱ በፊት አፉ በሉት።»

ይቅርታ የለመነችው እኔን ነው። በዚያ መንገድ የሄዱትን ታውቃለህ፤ ከሰፈራችን የስንቱ እናት እስከ ዛሬ ስልክ ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ስትወጣ ድንጋዩ አደናቀፋት። ማን እንደተሸከመው አላወቀችም።

ዛሬ አርብ ነው። ከጁምዓ እንደተመለስኩ ለእማ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ድንጋዩን ታቅፈህ የገባህ ቀን አውቄያለሁ» አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት «ባለደሙ አንተ ነህ፤ እኔ ምን አግብቶኝ» አለች። ከዚያ የምትሰግድበትን ወንበር አምጥታ በር ላይ አስቀመጠችልኝ። ይህን የምጽፍልህ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።

ሀያትንም ጠርቼ «ቁሚ» አልኳት። «ከኋላዬ የሚመጣውስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከኋላዋ የሚመጣውን እኔ አላውቅላትም። አያትሽን የገደለው መቆሙ አይደለም፣ የእኛ የሌሎቻችን አለመቆም ነው አልኳት። ወደ ዳር ወጥተሽ፣ እጅሽን አንስተሽ፣ ሰው እንዲያይሽ አድርገሽ ቁሚ። ማዶ ሆኖ ነይ የሚልሽን አትስሚ፤ እኔም ብሆን። ለምን እንደሆነ ነገርኳት። «ነይ ብትለኝም አልመጣም» ብላ፣ አንተ ያን ቀን እንዳደረግከው ራሷን ነቀነቀች።

የአስር ሶላት ሲሰገድ ተነስቼ ወደ ጀማል ቤት እሄዳለሁ። ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ድንጋዩን በማጅራቴ አድርጌ ነው የምሄደው፤ በቦዩ በኩልም አልዞርም። ሻይ ቤቱ በር ላይ ያሉት ያዩኛል። ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ ጀማል አልዋሸም፣ አባቴም አልተሳሳተም ብዬ። ሽማግሌዎቹንም ዳግመኛ አስቀምጣለሁ። ጀማል ድንጋዩን ያንሳልኝ አያንሳልኝ አላውቅም። ካላነሳልኝ ይዤው እመለሳለሁ፤ ነገ ጎህ ሳይቀድ፣ መኪናው ሳይመጣለት፣ እንደገና እሄዳለሁ።

አልረሳህም ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ብፈልግም አትተወኝም። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው፤ እንደነበርክ አድርጌ ላስታውስህ፣ ሰውም እንደዚያው እንዲያስታውስህ። ዛሬ ምልክቱ ጋ ስደርስ፣ በእግሬም ብሆን፣ ድንጋዩም ቢከብደኝ፣ እቆማለሁ። ወደ ጎብዬ አያለሁ። ወደ ዋጃ አያለሁ። ፍሬንህ ከኋላዬ ቢጮህ አልዞርም፤ «ና»ም አልልህም። አንተ ቢስሚላህ እስክትል እጠብቃለሁ።

ልጅህ እንድሪስ