ጋራዥ የከረመው ጥንስስ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 9፣ 2004

ጠጁ አልፈላም! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለሠርግ ጠጅ ያዘዘው ሰውዬ ዛሬ ሮቢንስዴል ያለው ወንድሜ ቤት መጥቶ ቀመሰና «ይሄ እኮ ብርዝ ነው፣ ለሕፃናት ስጧቸው» ብሎ ሳይወስደው ሄደ። የነገረኝ ወንድሜ ጌታቸው ራሱ ነው። «ውይ!» አልኩት፣ ያዘንኩ መስዬ።

ዘጠኝ ዓመት የቤተሰቡን ጠጅ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ቤት ቤዝመንት ውስጥ፣ ከማሞቂያው አጠገብ። ዘንድሮ ባልዲው ላይ የሚለጠፍ ስቲከር አሳተመ፤ «የሳባ እጅ ሥራ» ይላል። ሳባ ሚስቱ ናት። ብጠይቀው «ያው ቤተሰብ ነን፣ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። እንግዲያው ሳባ ትጣለዋ! ደውላ «እትዬ፣ ጥንስሱን የት ላስቀምጠው?» ስትለኝ «ጋራዥ» አልኳት። በዚህ የፈረንጅ አገር ብርድ ጥንስስ አይፈላም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 10

ሸጡት! ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው ሐጂ ጀማል አምስቱንም ባልዲ ለእሑዱ ዒድ ወሰዱላቸው። ፆመኛ ስለሆኑ አልቀመሱም። «ብርዝ ነው?» ብለው ጠየቁ፣ ሳባ «ንጹሕ ብርዝ» አለቻቸው፣ አመኗት። ጌታቸው ደግሞ «ሳባ ቢዝነስ ገባት» ይለኛል። የኔን ተንኮል ሸጣ በላች። ቅጥል ብያለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 11

ሥራ ላይ በሽተኛ ሳገላብጥ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። በምሳ ብሬኬ ጌታቸው ጋ ደወልኩ፤ ሐጂ ባልዲዎቹን የት አስቀመጧቸው? «ኪችን፣ ስቶቩ ጋ። ምነው?» «ምንም» አልኩት።

ሙቀት ካገኘ ይፈላል እኮ! እሑድ ሐጂና ልጆቻቸው፣ ከሶላት የሚመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ወር ሙሉ ፆመው ጠጅ ሊጠጡ ነው። መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅኩ። ባልዲው ላይ የተለጠፈው የሳባ ስም ነው፣ ትዋረዳ!

ከዚያ ምሳዬን መልሼ ከደንኩት። ጉድጓዱን ለሳባ ቆፍሬ ሐጂ ሊገቡበት ነው። እሳቸው ምን አደረጉኝ? አላውቃቸውም እንኳ። ነገ ከሥራ ኦፍ ነኝ። እሄዳለሁ። አልሄድም። እንጃ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 12

ሐጂ ጋ ሄድኩ። ክዳኑን ስንከፍት አረፋ ደፍቋል፣ ሽታው የለየለት ጠጅ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጋራዡንም፣ ስቲከሩንም፣ መሳቄንም። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አምስቱንም ባልዲ አንድ በአንድ ደፉት፣ እኔ ባልዲዎቹን አጠብኩ።

«ለሳባም ንገሪያት» አሉኝ። እሱን እንኳን አልችልም አልኳቸው፤ እሷም እኮ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። «እንግዲያው እኔ እነግራታለሁ» ብለው ስልካቸውን አወጡ። «ማን ልበላት? ስምሽ ማን ነው?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠጁን ጠጥቶ ማን ጣለው ብሎ የጠየቀ የለም። ዛሬ ስሜ ተጠየቀ፣ ለዚህ ሥራዬ። «ብርቅነሽ ታደሰ ወልዴ» አልኩ፣ እስከ አያቴ። ሐጂ ቃል በቃል ነገሯት።

ሳባ እስካሁን አልደወለችም። ትደውል። የምላት አላጣም።