የሐጂ ቡሽራ ሦስት ፊደላት

የካ፣ የካቲት 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? የኤደንን ከተማ ሙቀትስ ለመድሽው ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጎረቤታችን ሐጂ ቡሽራ ግን ከገና ወዲህ ተኝተዋል። ይሄ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ደረታቸውን ይዞ አልለቅ አላቸው። ከሚላ ከባሏ ራስጌ አትነሣም፤ ልጆቻቸውም ከደሴ መጥተዋል።

የኅዳሩ ደብዳቤዬ እንዳልደረሰሽ አውቃለሁ፤ ተመልሶ መጣ። አድራሻሽን በዓረብኛ የሚጽፉልኝ ሐጂ አልነበሩ? እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ላላስቸግራቸው ብዬ፣ ፊደሎቹን ከሳቸው ለቅሜ ስለነበር፣ ራሴ ጻፍኩት። ለካ እንደኛ ፊደል ነጣጥዬ፣ ያውም ከግራ ጀምሬ ኖሯል! ሐጂ ሲያዩት፣ በለጡ፣ ይህንንስ ፖስተኛው በመስተዋት ቢያየውም አያነበው ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከሚላ ደግሞ፣ ሰውዬውን በሳቅ ልትገድይብኝ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ተማርኩ። ካፍ፣ ታ፣ ባን ያዢ፣ ሌላው የነሱ ዘመድ ነው አሉኝ። ከተበ ማለት ጻፈ ነው፤ ካቲብ ጸሐፊው፣ ኪታብ መጽሐፉ፣ መክቱብ የተጻፈው፣ መክተብ ቢሮው። አንቺ የምትሠሪበት መጻሕፍት ቤት ደግሞ መክተባ። ታዲያ ይሄማ የኛው ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ አይደል ወይ ብላቸው ደስ አላቸውና፣ ይህንንም የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትሽ ላይ ጨምሩልኝ በያቸው አሉኝ። አሁን መክተባን እጄን ሳላነሣ እጽፈዋለሁ፤ ነጥቦቹን ብቻ ነው ኋላ የምጥላቸው። ሐጂ ለማስተማር ለምን እንደሚቸኩሉ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ስለኔ አታስቢ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤዬ አይመለስም። የየካው ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ ሐጂም በበኩላቸው ዱዓ አድርገውልሻል።

ውላ አድራ የምትናፍቅሽ እናትሽ

ፖስታውን ሳላሽግ ከሚላ መጣች። ሐጂ ከትናንት ጀምሮ ዓይናቸውን አልገለጡም አለችኝ። ከመተኛታቸው በፊት ግን፣ አድራሻውን በለጡ ራሷ ትጻፈው፤ ከተሳሳተች ብቻ ቀስቅሱኝ ብለዋል አለችኝ። ልጄ፣ አጥርቼ ጻፍኩት። አንዲት ነጥብ ብቻ አውቄ ትቼ አሁን ይዤላቸው እየሄድኩ ነው። ፖስታውን ገልብጠሽ እይው፤ ነጥቧ ካለች የጨመሯት እሳቸው ናቸው።