የሚሞላ ነው ወይስ የሚነበብ

ሁልጊዜ በዓይኔ ላይ ለምትመላለሺው ልጄ ይድረስ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ቆሞ መዋሉን ለመደው ወይስ ዛሬም ያጉረመርማል? ባልሽን ሳሉ ለቀቀው? ትንሹስ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይስ እንደ አያቱ እልኸኛ ሆኖ በእንብርክኩ ቀረ? እኔ ጉልበቴ ሲብስበት በዱላ፣ ሲሻለው ያለ ዱላ እያልኩ ደኅና ነኝ። ልጅሽም ደኅና ናት፤ ቁመቷ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አልቀረው።

በስልክ ልነግርሽ ስችል መጻፌ ወድጄ ነው። ስልክ ላይ አፌን ሳሟሽ ሰዓቱ ያልቃል። ደግሞ ይህን ነገር በጆሮሽ ብትሰሚው ትስቂብኛለሽ። ደብዳቤ ከሆነ እንደልብሽ ሳቂ፣ እኔ አልሰማሽም። ፊደሌ እንደ ተወለደ ጥጃ ቢንገዳገድም የራሴ ነው፤ ሰው አላስጻፍኩም።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ዝም አለ። ታስታውሻለሽ አይደል፣ አመሻሹ ላይ እኔ ሳንቃ ስልግ እሷ በርጩማዋ ላይ ሆና ታነብልን ነበር። አንቺ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ሥር፣ ፍቅፋቂው ውስጥ ተቀብረሽ ትሰሚያለሽ። ነገሩ ልክ ሲጥም መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ «ቀሪው ለነገ ይደር» ትላለች። አንቺ ታለቅሻለሽ። እኔ እንደማይሰማ ሰው መላጊያዬን እገፋለሁ። አንድ ቀን ግን አንዱን ሳንቃ መላልሼ ልጌው ኖሮ እንደ ወረቀት ሳስቶ ተገኘ። «አንተማ መቼ ትሰማለህ!» ብላ የሳቀችው ሳቅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ልጅሽንም ያሳደገቻት በዚያው ድምፅ ነው። ዓይኗ ከመጽሐፍ ስለማይነቀል እኔ ጉጉት ነው የምላት። ድምፁ ሲጠፋ ልጅቷም አብራው የሄደች መሰለኝ። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ «ደኅና ዋልክ አባባ» ትላለች፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ያንኑ አንድ መጽሐፍ ትገልጣለች። እናትሽ በመጨረሻ ያነበበችላት ነው፤ ከደመና በላይ ስላለ ከተማና በገመድ መሰላል ወደዚያ ስለምትወጣ ልጅ። ልጅቷ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ገመዱ ይቆረጣል፣ መጽሐፉም እዚያው ላይ ያልቃል። ጉጉት ጨርሳው እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እኔም ሳንቃዬን እልጋለሁ።

ባለፈው ስትደውዪ መስመሩ እየተንኮሻኮሸ «አባዬ፣ ልጅቷ ጨርሳለች፣ ቅጽ ሁለትን ፈልግላት» ስትዪ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያልሽው ተቆራረጠብኝ። የምን ቅጽ ነው ብዬ ብጠይቅሽ ምን ነበረበት? ግን አባቴ ጆሮው ደከመ እንድትዪኝ አልፈለግሁም፤ «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ልቤ የነገረኝ ልጅቷን ወደ አንቺ የምትወስጂበት ቅጽ ነው። እናት ናት፣ ልጇን ብትወስድ ማን ይፈርድባታል አልኩ።

በማግስቱ ኮቴን ለብሼ ደረጃው ወደማያልቀው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። በአንዱ መስኮት «ቅጽ ሁለት» ብል የምን ቅጽ አሉኝ፤ የልጅ ነው አልኩ። ወደ ሌላው መስኮት መሩኝ። እዚያ ያለው ጎረምሳ የልደት ነው ወይ ሲለኝ፣ ልጅቷ ከተወለደች ቆይታለች አልኩት። ወደ ሦስተኛው ሰደደኝ። እዚያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጸሐፊ ወንበር ሰጥታኝ ነገሩን ከሥሩ ጠየቀችኝ። እናቷ፣ ልጅቷ ጨርሳለችና ቅጽ ሁለትን ፈልግላት ብላ እንዳዘዘችኝ ነገርኳት። ልጅቷ ምን እንደጨረሰች ስትጠይቀኝ አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ እኔ ስትጨርስ ያየኋት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱኑ ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«አባቴ፣ ይሄ ቅጽ የሚሞላ ነው ወይስ የሚነበብ?»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬቱን በዱላዬ መትቼ እወጣ ነበር። ያን ቀን ግን አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ለካ ልጅቷ አትሄድም። ደረጃውን ወርጄ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው ዱላዬን እዚያው መርሳቴ ትዝ ያለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ለቅጥነቱ ጭራሮ ወደሚሉት መጽሐፍ ሻጭ ሄድኩ። የመሰላሉ መጽሐፍ ቅጽ ሁለት ተሽጦ አልቋል፤ ሲያገኝ ሊያስቀምጥልኝ ቃል ገባ። ለጉጉት ዕድሜ የሚሆኑ አዳዲስ ተከታታይ መጻሕፍትን ግን ዘረገፈልኝ። በአንዱ ሽፋን ላይ ሰይፍ የያዘ ጎረምሳ አለ። አያያዙ መጥረቢያ ነክቶ የማያውቅ ሰው አያያዝ ስለሆነ መለስኩት። ሌላው ላይ ዘንዶ አለ፤ እንደ ድመት ሰው እግር ሥር ይታሻል። የማይፈራ ዘንዶ ምን ያደርጋል? እሱንም መለስኩ። ጭራሮ የሚገዛው ለልጅቷ ነው ወይስ ለእርስዎ ብሎ አላገጠብኝ። እኔ ግን እናትሽ መጽሐፍ ስትመርጥ እንደምታደርገው የአንዱን የመጀመሪያ ቅጽ መጨረሻ ገልጬ ፊደል በፊደል አነበብኩ። አንዲት የአናጺ ልጅ ራሷ በሠራችው ጀልባ ባሕር መሐል ስትደርስ፣ ከእግሯ ሥር ያለው ሳንቃ በስሟ ይጠራታል። እዚያ ላይ ያልቃል። ይሄን ስጠኝ አልኩት።

ጉጉት ሽፋኑን አገላብጣ አየችና «አንተ ነህ የመረጥከው?» አለችኝ፣ እየተጠራጠረች። ልትወስደው ስትል እኔ ነኝ የማነበው አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ፣ አፌ ቀደመኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ማዕበሉ ተነሣ» የሚለውን «ማዕዱ ተነሣ» ብዬ አነበብኩት።

«አባባ፣ ባሕር ላይ ማን ምሳ በላ?» አለች።

ሳቀች፣ ልጄ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ መጽሐፉን ነጠቀችኝና አንተ እንጨትህን ልግ ብላ እሷ ታነብልኝ ጀመር። ድምፁን ብትሰሚው! የእናትሽ ነው፤ መጎተቱም፣ ነገሩ ሲከር ዝቅ ማለቱም። ትናንት የቅጹ መጨረሻ ላይ ደርሰን፣ ልክ ሳንቃው አፍ ሊያወጣ ሲል መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ «ቀሪው ለነገ ይደር» አለች። እጄ ላይ የነበረው ሳንቃ ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

እንግዲህ አንድ አደራ አለኝ። የሚሞላው ቅጽ ቀኑ የደረሰ እንደሆነ አልከለክልሽም፤ እናቷ ነሽ። ግን «የሚሞላው» ብለሽ ለይተሽ ንገሪኝ። ይህ የጀልባው ታሪክ ሰባት ቅጽ አለው ብሎኛል ጭራሮ። ጉጉት በቀን ከአንድ ምዕራፍ በላይ አታልፍም። ተራው የእኔ ሲሆን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ቀርፋፋ ነኝ።

ባልሽን፣ አማትህ ለሳሉ ደረትህን በደንብ ሸፍን ብለዋል በይልኝ። አማትሽን፣ እሳቸው ለእናትሽ የላኩት ነጠላ ዛሬም በልጅቷ ትከሻ ላይ አለ ብለሽ ሰላም በይልኝ። ያቺን ስልክ ስንደውል ሮጣ የምትጠራሽን ጎረቤትሽንም እግሯን ይባርከው በያት። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ሲያድግ የመጀመሪያው ቅጽ ይደርሰዋል፤ ጀርባውን ራሴ በሙጫ አጠንክሬ አስቀምጬለታለሁ።

አባትሽ
ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ጥቅምት፣ እሑድ ከሰዓት