ቀዩን ቁልፍ ማን ነካው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአሜዴ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ያስጮህሃል? ጆዜትስ እንደምን አለች? ልጆቹስ ብርዱን ቻሉት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን፤ ዘንድሮ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለኝም።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ወንድማችን ሮሜን እቤትህ ይሆናል። ከትናንት በስቲያ አውቶቡስ ተሳፍሯል። ዓይኑ አብጦ፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ ስታየው አትደንግጥ። አባባ በስልክ "ቤቴን አፈንድቶ እናቱን ሊገድል ነበር" ብሎሃል። አባባ አልዋሸም፤ የሚያውቀው ያንኑ ነው። ግን እውነት አይደለም። ሮሜን ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ነው የወጣው፤ ይህንንም ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በስልክ እንዳልነግርህ መስመሩ የጋራ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይጥልበታል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው እሑድ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ደርሷል። ምድር ቤት ያለው የናፍጣ ማሞቂያ ይነሣና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ጥፍት ይላል። እማማ ሳንባዋን ከታመመች ወዲህ ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካት አስጠንቅቆናል። ማሞቂያው በጠፋ ቁጥር ሳሏ ይብሳል፤ ሳሏን በሰማን ቁጥር ደግሞ ሁላችንም እናብዳለን።

የአያታችንን ሕግ አትረሳውም። የማሞቂያው ቀዩ ማስነሻ ቁልፍ አንዴ ብቻ ይጫናል፤ ካልነደደ እጅህን ሰብስብ። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ናፍጣ ይረጫል፤ ያልነደደው ናፍጣ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እሳት ያገኘ ቀን ጉድ ይፈላል። ይህን የተማርነው ከአባታችን ሆይ ጋር ነው።

ችግሩ ይህ ቤት መነጋገር ትቷል። አባባ ሦስት ቀን ዱካውን የተከተለውን አጋዘን ሮሜን ቀድሞ ከጣለው ወዲህ፣ ማለትም አራት ወር ሙሉ፣ በአንድ ገበታ እየበሉ አይነጋገሩም። አባባ "ለዚያ ልጅ ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪልኝ" ይለኛል፤ ልጁ ክርኑ ስር ተቀምጦ። እናም ሰኞ አባባ ወርዶ አንዴ ተጫነው። ሮሜን አባባ መንካቱን ሳያውቅ አንዴ ተጫነው። እማማም እኛን ላለማስቸገር ብላ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ወርዳ አንዴ ተጫነችው። ሁሉም ሕጉን አክብሯል። ማንም ለማንም አልተናገረም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሮሜን የማሞቂያውን ማጣሪያ አጽድቶ መልሶ እንደ ገጠመ አባባ የቧንቧ መፍቻ ይዞ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። "ማን ንካ አለህ?" አለው። በአራት ወር የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። ሮሜን "አንተ ስትነካካው አይደል የሞተው? እናቴ እስክትሞት ልጠብቅህ?" አለው። አባባ በመፍቻው አፉ ላይ አሳረፈበት። ጥርሱ ሲወልቅ ሰማሁት። ሮሜን አንገቱን አንቆ ከመደርደሪያው ጋር አላተመው፤ እማማ ለክረምት ያስቀመጠቻቸው የባቄላና የሥጋ ጠርሙሶች ተንኮታኮቱ፤ ኮምጣጤውና ደሙ ወለሉ ላይ ተደባለቀ። አባት ልጁን፣ ልጅ አባቱን እንደ ጠላት ሲደበድብ አየሁ። ልለያያቸው ገብቼ በክርን ተመትቼ ወደቅሁ።

እማማ ከደረጃው ላይ "ተዉ፣ ስለ ማርያም" እያለች ትስላለች። ብትሞትብኝስ አልኩ። ተነሥቼ ሄጄ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት። አልነደደም። ደግሜ ተጫንኩት። እኔ ነኝ አሜዴ። የእኔ ሁለት ነበር።

በሁለተኛው ፈነዳ። የማሞቂያው በር ተገንጥሎ ግድግዳውን መታ፤ የጢስ ማውጫው በላያችን ወረደ፤ ቤቱ ጥላሸት በጥላሸት ሆነ። የአባባን አንገት አንቆ የነበረው ሮሜን ያኔ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? በላዩ ተጋደመ። ነበልባሉን በጀርባው ተቀበለው። አባባ ሊጨርሰው የተጫነው መስሎት ከስር በቡጢ ጎኑን ይደቃው ነበር። ሮሜን ተነሥቶ እማማን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ጎረቤታችን ወደ ክሎቪስ ተሸክሟት ሮጠ። ሲመለስ አባባ ቅንድቡ ተቃጥሎ፣ ጠመንጃውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀው። "አንድ እርምጃ ብትጨምር እንደዚያ አጋዘን እጥልሃለሁ" አለው። ሮሜን እኔን አየኝ። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ መሆኔን ያውቃል፤ ሳይናገር ዞሮ ሄደ። እኔም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ክሎቪስ ጥገናውን ሲሠራ፣ ከውጭው በርሜል የሚመጣው የመዳብ ቱቦ ከበረዶው ስር ተሰንጥቆ አገኘው። በስንጥቁ አየር እየገባ ነው እሳቱ የሚጠፋው። "በረዶ የሚፈነቅል ሰው በብረት መቶታል" አለ። አባባ "ያው እሱ ነዋ" አለ። ባለፈው ቅዳሜ ለናፍጣ አምጪው ሰውዬ መንገድ የጠረግኩት እኔ ነበርኩ። ብረቱ አንድ ነገር ሲመታ እጄን ነዝሮኛል፤ ድንጋይ ነው ብዬ አለፍኩ። ያን ዕለትም አፌን ዘጋሁ።

እማማ ዛሬም ክሎቪስ ቤት ናት። ሳሏ ቀለል ብሎላታል፤ ግን "ሮሜን የት አለ?" እያለች ምግብ እንቢ ብላለች።

እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ ወርጄ ለአባባ አነበብኩለት። ይመታኛል ብዬ ነበር። መነጽሩን አወለቀ። "ጀርባው በጣም ነው የተቃጠለው?" አለኝ። በጣም ነው አልኩት። "ለዚያ ልጅ ንገሪልኝ" ብሎ ጀመረና አቆመ። ቀጥሎ "ተይው፤ ራሴ እነግረዋለሁ" አለ። ደብዳቤው ይቅደመኝ ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውላል። መስመሩ የጋራ ነው ስለው፣ "ይስሙኝ" አለኝ።

ለጆዜት ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ሉክን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ሚሬይን አክስትሽ ሹራብሽን እየሠራች ነው በላት። ሮሜንን ጀርባውን ሳትነካ እቀፍልኝ፤ ይህንንም ከላይ እስከ ታች አንብብለት። ያን እሑድ ከስልኩ አጠገብ እንዳይርቅ አደራ።

እህትህ ዜሊ
ሴንት ኤሉዋ፣ ኒው ብራንስዊክ
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1983