ጨው ያልነካው አደንጓሬ

ለምፈራሽና ከምፈራሽም በላይ ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፤

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ የምትደገፊው ፈልጊ። በመንደራችን ተሰምቶ የማይታወቅ ከባድ ነገር ደርሷል። ባለፈው ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ሰው፣ አጎታችንና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ ጨው ያልነካው አደንጓሬ በላ። የሞተ የለም። ለጥቂት እንደተረፉ ግን ዛሬም የሚናገሩ አሉ።

ሰላምታ መቅደም ነበረበት፤ ይኸው። እንዴት ነሽ እትዬ? ብላንታየር ከተማ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ደህና ነው፣ ኡሲፓ ዓሣው ዘንድሮ እንደ አሸዋ ነው፣ እናታችንም ደህና ናት። ፍየሏ ብቻ የተሾመች ይመስል ማንንም አትሰማም። ያልደወልኩልሽ እናታችን ስልክ ባየች ቁጥር ድምፁን ለሁላችን አድርጊው ስለምትል ነው። ይህ ደግሞ ለሁላችን የሚሆን አይደለም።

ነገሩን ያመጣው ሬዲዮኑ ነው። የአድማጮች ማኅበራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሰምተን፣ ተጨቃጭቀን፣ አብረን በልተን እንለያያለን። የዚያን ቀን ስለ ውርጃ ሕግ አወሩ። ሬዲዮኑ ሲዘጋ ጠቡ ተከፈተ።

ሽማግሌው ቻጉንዳ ተነሥተው፣ ፅንስ የእግዚአብሔር እንግዳ ነው፣ እንግዳን ማን ያባርራል አሉ። ጎረቤታችን ኔሊያ፣ አፏን ታውቂዋለሽ፣ የምን እንግዳ፣ እንደ እጇና እንደ እግሯ የገዛ አካሏ ነው አለች። እኔም በስድስተኛ ክፍል እውቀቴ እጄን አወጣሁ። ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ዘጠኝ ወር በልቶ፣ ጭራሽ የቤቱን ባለቤት የሚራገጥ እንግዳ የት አገር አለ አልኳቸው። ለኔሊያም አልተውኩላትም። አካሏ ከሆነ ሲወለድ በወጋችን የእናት ወንድም ለምን ያዝዝበታል፣ ይቺ እጄም የአጎቴ ናት ወይ አልኳት። አጎታችን ሣቁን በሳል ሸፈነው። ቻጉንዳ ግን፣ «አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ያቆምሽው ትምህርት ቤቱ ስለደከመው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ያን ጊዜ አዋላጇ ኤሉቢ ወጣችና ሁለታችሁም አላገኛችሁትም አለች። የእንግዴ ልጁን በአብዛኛው የሚሠራው ፅንሱ ራሱ መሆኑን ታውቂ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። የእናትና የልጅ ደም ጎን ለጎን ያልፋል እንጂ አይደባለቅም አለችን፤ በመካከሉ ስስ አጥር አለ፣ ምግቡን በዚያ ይቀባበላሉ። እኛና ኔሊያ በሸምበቆው አጥር የዱባ ቅጠል እንደምንቀባበለው ማለት ነው። ግን ጥቂት የልጁ ህዋሳት አጥሩን ይዘሉና እናቲቱ ዘንድ ይቀራሉ። በደሟ፣ በጉበቷ፣ በልቧም ሳይቀር፣ ለብዙ ዓመት። የእናቲቱም እንዲሁ ልጁ ዘንድ ይቀራሉ።

«ልጁ ሳይወለድ ቢቀርስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሰው ሁሉ ቀልዱን ጠበቀ። ቀልድ አልነበረውም።

ኤሉቢ ጥቂት አየችኝ። «ያም ቢሆን ሊቀር ይችላል» አለች። «የልደት ወረቀት አይጠየቅም።»

ቻጉንዳ፣ ይኸው ለብቻው ሰው መሆኑ ታወቀ አሉ። ኔሊያ፣ ይኸው ከእሷ የማይለይ መሆኑ ታወቀ አለች። ኤሉቢ፣ እኔ የነገርኳችሁ ያለውን ነው፣ ሕጉ ምን ይበል ለሚለው ህዋስ ምስክር አትጥሩብኝ ብላ ገባች።

ጥያቄውን የጠየቅሁት ስላንቺ ነው። ስላንቺ ብቻም አይደለም።

የዛሬ ስምንት ዓመት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ወጥ በሠራሽ ቁጥር ነይ ጨው ጨምሪልኝ ትዪኝ ነበር። በወር አበባ ሰሞን ጨው አይነካምና እሱ ነው ብዬ ነበር፤ ሳምንቱ አልፎ ወር ሆነ። ፅንስ የወጣባት ሴት የሰው ወጥ ላይ ጨው ካኖረች የበላውን ሁሉ ሳል ይዞ ያከሳዋል ሲባል ከሴቶች ጓሮ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ጓሮ የማልሰማው ነገር አልነበረም። የዶሮ ምሥጢር እንኳ የማልጠብቅ እኔ፣ ይህን አንዱን ለማንም አልተነፈስኩም። ከዚያ ሄድሽ። ለገና አልመጣሽም። ለአያታችን ቀብር አልመጣሽም። የእናታችንን ዓይን ሸሽተሽ እንደሆነ ገብቶኛል።

ወደ አደንጓሬው ልመለስ። የዚያን ቀን የማብሰሉ ተራ የእኔ ነበር። ጨው እንድትጨምርልኝ ትንሿን የአክስታችንን ልጅ ቲሱንጋኔን ልጠራት አስቤ፣ ክርክሩ ወስዶኝ ረሳኋት። መጀመሪያ የቀመሱት ቻጉንዳ ናቸው፤ ፊታቸውን ብታዪው ለአንድ ዓመት ይበቃሽ ነበር። ሁሉም ቀምሶ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ሆን ብዬ ነው፣ ልቀልድባችሁ ነው አልኩ። ጨው ያልነካሁበትን ምክንያት እንዳይጠረጥሩ ፈርቼ ነበር፤ ሁሉም አመኑኝ። ይህን ያህል ዘመን በቀልድ የደከምኩት ለካ ለዚህች ቀን ኖሯል። ኔሊያ ጭልፋ ይዛ አባረረችኝ።

እናታችን ግን አልሣቀችም። ቲሱንጋኔን ጠርታ በመዳፏ ጨው ሰጠቻትና ድስቱ ውስጥ አስጨመረቻት። ኤሉቢ ብታይ ይህ የጨው ነገር ከመጽሐፌ የለም ብላ ትስቅ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ቅርጫቷን ከራሷ ሳታወርድ፣ ፊቷንም ሳታዞር፣

«ያኔ ለእህትሽ ጨው ማን ይጨምርላት እንደነበር አውቃለሁ» አለችኝ። «እኔን ብትጠራኝ እኔ እጨምርላት ነበር።»

ቅርጫቷን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን አልሰጠችኝም።

ጥቂት ሄደችና፣ «ኤሉቢ ያለችው እውነት ከሆነ እህትሽ ሙሉ በሙሉ አልሄደችም። የቀረውን ይዛ ትምጣ በያት» አለች።

እንግዲህ መልእክቱን አድርሻለሁ። ዓርብ የሚመጣው ሚኒባስ በራችን ላይ ያወርዳል። ቲሱንጋኔ ጨው ስትጨምር እጇ አይመጥንም፣ ወጡን ሐይቁ እስኪሸሸው ጨው ታደርገዋለች፤ እኔ ደግሞ እንደ ያኔዋ አንቺ እስከ ወሩ መጨረሻ ጨው አልነካም። ስለዚህ መጥተሽ ብታጣፍጪልን።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ መንገድሽን ያሳጥርልሽ፣ በእናታችን ዓይን ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ከላይ ከባድ ነገር ብዬ ያስደነገጥኩሽን ይቅር በዪኝ፤ ተገላብጦ ሲታይ ያው አንድ ቁንጥር ጨው ነው።

ያኔ ጨው የምጨምርልሽ፣
ታናሽ እህትሽ