ባለቤት የጎደለው ዐረፍተ ነገር

ዓርብ፣ ጥር ፲፮ ቀን፤ ካዛንቺስ

ዛሬ የአማቼ ሽማግሎች መጡ። ፍርድ ቤቱ ከፍቺው በፊት የማሰቢያ ጊዜ ስለ ሰጠ፣ ልጄ ጊዜውን መስቀል ፍላወር ባለው ቤታቸው ከባሏ ጋር እንድታሳልፍ ሊለምኑ። ካባ ለብሰዋል፤ ኀፍረት ግን አልለበሱም።

«እጇ ተሰበረ እንጂ ትዳሩ አልተሰበረም» አለ አንደበተ ርቱዕ ነኝ ባዩ።

«ዐረፍተ ነገርህን አስተካክል። ባለቤቱ የታለ?»

«ባለቤቷማ ውጭ መኪና ውስጥ ነው፣ ጋሼ!»

እንዲህ ያለ መሃይም ሰው ያስታርቃል! በሩን አሳየኋቸው።

ሰኞ ልጄ፣ ባሏ ቤቱን ለቆ እንዲወጣና እንዳይቀርባት ፍርድ ቤቱን ትጠይቃለች። አቤቱታውን ላርቅቅላት ወደ ክፍሏ ብገባ፣ በግራ እጇ ጀምራው አገኘኋት፦ «ባለቤቴ ቀኝ እጄን ሰበረው።»

የማርመው አላገኘሁበትም።