በአካል ለመጣ ብቻ

ይድረስ ለማከብርህ፣ ዛሬ ግን ለተቀየምኩህ ወንድም ጋሼ፦

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ ጎንበስ ስትል አሁንም ይይዝሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። እማዬ አለች፣ እኔም አለሁ። ለጊዜው ይሄን ያዝልኝ።

የእማዬ ተሽከርካሪ ወንበር ተገዝቷል፣ እንኳን ደስ ያለህ። በኢንተርኔት ስታዝ ቅናሹን ቢከለክሉህ ጊዜ ትዕዛዙን ሰርዘህ አንቺ ሄደሽ በግማሽ ዋጋ ውሰጂ አላልከኝም? ሄድኩልህ። መደብሩ በር ላይ «ቅናሹ በአካል ለመጣ ብቻ» የሚል ተለጥፏል። ይኸው አካሌን ይዤ መጣሁ አልኳቸው። ሻጩ፣ ያ ፀጉሩ በቅባት የራሰ፣ ለሕክምና ዕቃ «በአካል» ማለት ታማሚዋ ራሷ ናት አለኝ። በእግሯ መምጣት ብትችልማ ወንበሩን ምን ልታደርገው ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ቅናሹ እኮ ለመጣችበት ድካም ነው፣ ቤቱ ተጋድሞ ስልክ ለሚነካካ ሁሉ አንቀንስም ብሎ ሳቀብኝ። «ተጋድሞ» ያለው እማዬን ነው እንግዲህ።

ደወልኩልህ። ሙሉውን ከፍለን እንገላገል ብልህ፣ ለምን እንሞኛለን፣ አንድ ቀን አይደል፣ አሸክሚያት አልክ። እኔም እሺ አልኩ፤ እኔን ይድፋኝ።

እማዬ ግን ከቤት ልትወጣ ነው ሲሏት ደስታዋን አልቻለችውም። ፀጉሯን አስጎነጎነችኝ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን አስተኮሰችኝ። ከገበያው ጆንያ የሚሸከመውን ሰውዬ ጠራሁና አዘላት። መንገዱን ሁሉ ስታወራ ሄደች፤ ይሄ ሕንፃ መቼ በቀለ፣ ያቺ ሴት ወፈረች እያለች።

መደብሩ ውስጥ ሰልፍ ጠበቀን። የታመመች ናትና አስቀድሙን ብል የሰማኝ የለም፤ ሁሉም ለቅናሹ የመጣ ነው፣ ዓይኑ ዕቃው ላይ ነው። ቆየን፣ ቆየን፣ በመጨረሻ እማዬ አልቻለችም። ሽንቷ በሰውዬው ጀርባ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንጣለለ። ከኋላችን የነበሩት አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። አንዷ ልጇን ዓይኑን ሸፈነችው። ሻጩ መወልወያ አስመጣና እማዬን ከላይ እስከ ታች አየት አድርጎ፣ መጥተዋል፣ ይቀነስላቸው አለ።

ተሸካሚው እስከ ቤት አደረሳት። እሷም መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው፤ ወንበሩ ላይ እንቀመጥ ስላት ብርድ ልብሱን ትከናነባለች። አሁን እኔ የታጠበ ልብስ እያጠፍኩ ወንበሩ ላይ አስቀምጥበታለሁ። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ በግማሽ ዋጋ መገኘቱ ይገርማል።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ሙሉውን እንክፈል ማለቷን ሰምቻለሁ። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፣ ትንሹንም ጉንጩን ቆንጥጥልኝ። አማትህንም፣ እማዬ መታመማቸውን ሰምታ እግዜር ይማርሽ ብላለች በላቸው። እማዬም ሰላም ብላሃለች። ይሄን ሁሉ እንዳልጽፍልህ አስምላኝ ነበር፤ ወንበሩ ተመችቶኛል፣ ቀኑን ሙሉ እላዩ ላይ ነው የምውለው በይው ብላለች።

እህትህ
ከእማዬ አልጋ ግርጌ፣ ማክሰኞ ጥር 9 ቀን